የድሮና የአሁኑን ስላይድ ፊልም ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ዋናው ስህተት ያረጀ ስላይድን (በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታየውን፣ ምስሉ በራሱ ከለር የሚወጣበትን ፊልም) ከአዲስ ጎን አስቀምጦ ስለ ፊልሙ መፍረድ ነው። ከአያት ሳጥን የወጣ የደሴ ፒያሳ ስላይድ ሮዝ መስሎ ካገኛችሁት፣ ያኔ ሲታጠብ የነበረው ከለር ያ አይደለም። ኤክታክሮም የኮዳክ ስላይድ ፊልም ነው፤ የቀድሞዎቹ ኤክታክሮሞች በጨለማ ተቀምጠውም ይደበዝዛሉ። ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ይሄድና ቅላቱ ይቀራል። ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም ኮዳክሮም ግን በጨለማ ለአሥርት ዓመታት ከለሩን ይይዛል። የሱ ጠላት ፕሮጀክተር ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ላይ የበራው ስላይድ ከሳጥን ካልወጣው ቶሎ ይገረጣል። ስለዚህ «የድሮው ይሻል ነበር» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ፊልም እንደሆነና የት እንደኖረ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ስሙ ፍሬሙ ላይ ታትሟል።

ስሙም ቢሆን ያሳስታል። በ2018 (በፈረንጆቹ፣ ከታች ያሉትም እንዲሁ) ኮዳክ የመለሰው ኤክታክሮም ኢ100 ከ1960ዎቹ ኤክታክሮም ጋር ከስሙ ያለፈ ብዙም ዝምድና የለውም። ኮዳክሮም ደግሞ በ1935 ተጀምሮ በ2009 ቆመ። ከለሩ የሚጨመረው እጥበት ላይ ነበር፤ ያን የሚያጥብ ላብራቶሪ ዛሬ የለም። ያልተነሳበት ጥቅል ብታገኙ የሚወጣላችሁ ጥቁርና ነጭ ነው። ለማወዳደር ብላችሁ ብር አታፍስሱበት።

ቦታና ሰዓት መቀላቀልም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። የጦሳ ተራራን ጥላ በአንዱ ፊልም፣ የኮምቦልቻን የአመሻሽ ፀሐይ በሌላው አንስቶ «ይሄኛው ሰማያዊ ነገር አለው» ማለት ፊልሙን ባልሠራው መክሰስ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ጥላ ሰማያዊ ይላል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሌንስ አንሱ።

ኔጋቲቭ (ምስሉ ተገልብጦ የሚወጣና ወረቀት ላይ የሚታተም ፊልም) የለመደ ሰው ለጥንቃቄ ብርሃን ይጨምራል። ስላይድ ላይ ይሄ አይሠራም። ነጠላው አንዴ ከነጣ ጥለቱ ብቻ ይቀራል፣ የሸማው ዝርዝር አይመለስም። የምትለኩት ደማቁን ቦታ ይሁን።

የድሮ ፎቶ ሁሉ ብዥ ያለው ፊልሙ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩ የፊልሙን የብርሃን ስሜት ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ኢ100 በ1/125 ሰከንድ የሚያነሳውን ኮዳክሮም 25 በ1/30 ነበር የሚያነሳው። እጅ ይንቀጠቀጣል።

የፉጂፊልም ስላይድ ፊልም ቬልቪያ ለሐይቅ ዳር አረንጓዴ ግሩም ነው፣ የሰው ፊት ግን ያቀላል። ለሰርግ የዚያው ኩባንያ ፕሮቪያ ወይም ኢ100 ያዙ።

ስካን ስታደርጉ አውቶማቲክ የከለር ማስተካከያውን አጥፉት፤ ካልሆነ የፊልሞቹን ልዩነት ራሱ ያጠፋላችኋል። በኢንፍራሬድ የሚሠራ የአቧራ ማጽጃም ኮዳክሮም ላይ ብዙ ጊዜ ምስሉን ያበላሻል። እዚያ ላይ በብሩሽ ነው።