አዲሱ ሄንሪ አልደከመም፦ በ620 ዋቱ ቫኪዩም ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ደወለችልኝ። ለንደን ከመጣች ዓመት አልሞላትም። የቢሮ ጽዳት ጀምራለች። «የሰጡኝ ማሽን አይስብም። አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ እመላለሳለሁ፣ ወገቤ ተቆረጠ» አለችኝ። የትኛው ማሽን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ያ ቀዩ፣ ፊት ያለው።» ከረጢቱን መቼ እንደቀየረችው ስጠይቃት ዝም አለች። ቆይታ ቀስ ብላ «ከረጢት አለው እንዴ?» አለች።

አልተቆጣኋትም። ማንም አላሳያትም። ግን ይህንን ስሞታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሁሉም የሚደርሱበት መደምደሚያ ደግሞ አንድ ነው፤ «አዲሱ ደካማ ነው፣ የድሮው ይሻል ነበር።»

እንግሊዝ አገር ጽዳት የሠራ ሐበሻ ሄንሪ የሚባለውን የአቧራ መሳቢያ ማሽን (ቫኪዩም) ያውቀዋል። በፈረንጆቹ ከ1981 ጀምሮ አለ። ኑማቲክ የሚባል ኩባንያ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቻርድ በምትባል ከተማ ይሠራዋል። ቀይ ሆድ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ሁለት ዓይን፣ ቱቦው እንደ አፍንጫ የሚወጣ። የድሮው 1200 ዋት ነበር። አዲሱ 620 ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሲያነብ ነው። ያኔ ይደነግጣል።

ዋትን የጉልበት መለኪያ ማድረግ

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ዋት የሚነግራችሁ ማሽኑ ከሶኬቱ የሚበላውን መብራት ነው። ከምንጣፉ ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚያነሳ አይነግራችሁም። ቆሻሻውን የሚያነሳው አየር ነው። ሞተሩ ማራገቢያውን ያሽከረክራል። አየሩ ወለሉን በሚነካው እግር ይገባል፣ በቱቦው ያልፋል፣ በከረጢቱና በፊልተሩ ተጣርቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለ ወይም መንገዱ ከተደፈነ፣ 2000 ዋት ቢሆንም ዋጋ የለውም። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ፣ እግሩም ወለሉ ላይ በደንብ ከተቀመጠ፣ 620 ዋት ለቤትም ለቢሮም ይበቃል።

እናቴ ላቀች የሚባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ የገዛችበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያው የለመደችውን ወጥ በትንሽ ከሰል ሠርታ አነሳች። «ከሰሉ ስላነሰ እሳቱ ደካማ ነው» አላለችም። ሙቀቱ በጎን መባከኑን ትቶ ድስቱን አገኘው፣ በቃ። የድሮዎቹ ቫኪዩሞችም ከሚበሉት መብራት ጥሩ ድርሻውን ሙቀትና ጩኸት አድርገው ይጥሉት ነበር።

ዋቱ የቀነሰው አምራቹ ለመቆጠብ ብሎ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2013 ደንብ አወጣ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሆነ የቤት ቫኪዩም አዲስ ለገበያ እንዳይቀርብ ተከለከለ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ጣሪያው 900 ዋት ሆነ። ድምፁም ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወሰነ። ሰው የማያነሳው ነገር ግን አለ። ያው ደንብ ማሽኑ ከምንጣፍና ከወለል ማንሳት ያለበትን የአቧራ መጠን ዝቅተኛ ልክም አስቀምጧል። ዋቱን ቀንሶ ቆሻሻ የሚተው ማሽን ፈተናውን አያልፍም።

በ2014 ደንቡ ሊጀምር ሲል እዚህ አገር ሰው ጠንካራዎቹ ማሽኖች ከመጥፋታቸው በፊት ለመግዛት ተሯሯጠ። እኔም ከሮጡት አንዷ ነበርኩ። በኋላም 620ው ሲመጣ አላመንኩትም። የድሮ 1200 ዋት ሄንሪ ከሰው እጅ ገዛሁ፣ ያውም ከአዲሱ ብዙም በማይቀንስ ዋጋ። ሁለቱንም በአንድ ደረጃ ላይ ባለ ምንጣፍ ጨው በትኜ ሞከርኳቸው። አዲሱ አሸነፈ። ማመን አቃተኝ። የድሮውን ስከፍተው ከረጢቱ እስከ አፉ ሞልቷል። አዲስ ከረጢት አስገብቼ ደግሜ ስሞክር በሁለቱ መካከል ልዩነት ማየት አልቻልኩም። ገንዘቤን ያወጣሁት ለጩኸት ነበር።

ሒሳቡንም ተመልከቱት። በሳምንት አምስት ሰዓት የሚሠራ 1200 ዋት ማሽን 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 620ው 3.1 ብቻ። መብራት በተወደደበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞ «ከፍ ማድረጊያው ቁልፍ የታለ?» የሚሉኝ አሉ። የድሮው ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረው። በ620ው ላይ አትፈልጉት፤ ስታበሩት በሙሉ አቅሙ ነው የሚሠራው።

ከረጢቱ ሳይቀየር ወራት ማሳለፍ

አየር የሚያልፈው በከረጢቱ ጨርቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ የመጣያ ቅርጫት ብቻ ሳይሆን ወንፊትም ነው። ወንፊቱ ሲደፈን መሳብ ያቆማል። ሆዱ ሰፊ ስለሆነ «ገና ግማሽ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ደቃቅ ነገር ሩብ ሳይሞላ ይደፍነዋል። ከቀለም ቀቢና ከግንበኛ በኋላ የሚተርፈው የጂፕሰም አቧራ ቀንደኛው ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የጤፍ ዱቄት። አንድ ወዳጄ የተደፋ ጤፍ በሙሉ በሄንሪ ሳበችና በማግስቱ «ተበላሸ» ብላ ጠራችኝ። ከረጢቱን ስነካው ቀላል ነው፣ ግን ውስጡ በዱቄት ተለስኗል። ዱቄት በመጥረጊያና በአፈር ማፈሻ ይነሳ። የቀረውን ትንሽ ብናኝ ማሽኑ ይጨርሰው።

የሞላውን ከረጢት አራግፎ መልሶ ማስገባትም አይጠቅምም። የተደፈነው ጨርቁ ነው። አራጋፊውም አቧራውን ይተነፍሰዋል። አስም ያለባት የሥራ ባልደረባዬ በዚህ የተነሳ አንድ ሙሉ ሌሊት ስትሠቃይ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት።

ያለ ፊልተር ማስነሳት፦ አቧራው ቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ፊልተር መግጠምም ያው ነው።

ውሃ መሳብ፦ ቀዩ ለደረቅ ብቻ ነው፤ ለእርጥብ የተሠራው አረንጓዴው ወንድሙ ጆርጅ ነው።

ትንሿን መስኮት ክፍት መተው

በእጅ የሚያዘው ቆልማማ ቧንቧ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ክዳን አለች። የተሠራችው ለመጋረጃና ለስስ ምንጣፍ ነው። ስትከፈት አየር በዚያ ይገባና ማሽኑ ጨርቁን አይጎትትም። ብዙ ጊዜ አንዱ ይከፍታታል፣ ቀጣዩ ሳያያት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። «አይስብም» ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ሦስት ማሽን ሊጣል ተሰልፎ አግኝቼ ሁለቱን በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ አድኛለሁ። በተቃራኒው እግሩ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ተጣብቆ መግፋት ካቃታችሁ ትንሽ ክፈቷት። ወገባችሁን አትጨርሱ።

የእግሩን ፔዳልም እርገጡ፦ ለጣውላና ለሴራሚክ ብሩሹ ይውረድ፣ ለምንጣፍ ይውጣ።

ቄጠማና አመድ

ይህን ማንም መመሪያ አይጽፍላችሁም። በዓል ነው፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። እንግዳ ሲሄድ ቫኪዩም ይነሳል። ፈንዲሻው ችግር የለውም። ረጅሙ ቄጠማ ግን ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ይጋደምና የሚከተለውን ሁሉ ይይዛል። ቄጠማን በእጅ ሰብስቡ።

አመዱ ግን የከፋ ነው። በአንድ የእንቁጣጣሽ ማታ ማጨሻው ተገለበጠ። እኔ ራሴ ነኝ ሄንሪን አምጥቼ አመዱን የሳብኩት። የጠፋ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማሽኑን ገመዱን ነቅዬ ተሸክሜ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ከረጢቱ ላይ እጄን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተቃጥሎ ነበር። ልጆቹ እዚያው ክፍል ተኝተው ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል። አመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም ለሰዓታት ይቆያል። ማሽኑ ደግሞ አየር እየሳበ እፍ ይልለታል። የቀዘቀዘ ቢመስልም አመድ በቫኪዩም አይነሳም።

ሲጠፋ «ተቃጠለ» ብሎ መጣል

ሄንሪ በመሥራት ላይ እያለ ድንገት ቀጥ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን እየጠበቀ ነው። አየር ሲያጣ ሞተሩ ይሞቃል። ሲሞቅ መከላከያው ያጠፋዋል። ንቀሉት፣ ከረጢቱን እዩ፣ ቱቦውን ፈትሹ፣ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፉት። ከዚያ ሰክታችሁ ሞክሩ። ቱቦውን ለመፈተሽ ሳንቲም ከአንድ ጫፍ ጣሉበት። በሌላው ካልወጣ መሐል ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ።

ከሰባት ዓመት በፊት ከቆሻሻ መጣያ ጎን የተተወ ሄንሪ አገኘሁ። ቱቦው ውስጥ የሕፃን ካልሲ ነበር፣ አንድ ብቻ። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምሠራው።

ገመዱ 10 ሜትር ነው። ክፍሉ ጥግ ቆማችሁ ጎትታችሁ አትንቀሉት። ሶኬቱ ድረስ ሂዱ።

ወደ አገር ቤት ስትልኩት

«ለእናቴ ልላክላት?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከእንግሊዝ የሚሄደው መብራቱ ይስማማዋል። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን ሶኬት ብቻ ማስቀየር ወይም ማገናኛ መግዛት ያስፈልጋል። ዋቱ ዝቅ ማለቱ ለማከፋፈያውም ለቆጣሪውም ይቀላል። ከአሜሪካ የሚላክ ቫኪዩም ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ሞተሩ ይቃጠላል።

ስትልኩ ከረጢቱን አትርሱ። ቢያንስ ሁለት እሽግ ሆዱ ውስጥ ጠቅጥቁለት፣ ቦታ አለው። እናታችሁንም ስልክ ላይ ይዛችሁ አንዴ ክዳኑን ከፍታ የመጀመሪያውን ከረጢት ራሷ ትቀይረው።