ከጓሮ አፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጀሪካን እንዴት እንደሚለኩ

አፈር ይተነፍሳል። ሥሮችና ረቂቅ ነፍሳት ያመነጩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሬቱ ገጽ በኩል ወደ አየር ይወጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው መጠን ፍሰት ይባላል። እኔ ለገጣፎ፣ ጓሯችን ባለው መረሬ ላይ የምለካው በቢጫ ጀሪካን ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መቀመጫውን ቆርጠው ያንሱ፤ አፉንና ክዳኑን እንዳሉ ይተዉ። ከተቆረጠው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ዙሪያውን ያስምሩ። ክዳኑን ዘግተው ገልብጡትና እስከ መስመሩ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚይዝ ይለኩ። 15 ሊትር፣ የተቆረጠው ወገን ስፋትም 30 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.075 ካሬ ሜትር ነው እንበል።

መለኪያው በኢንፍራሬድ የሚሠራና ንባቡን ወደ ስልክ የሚልክ ይሁን። ርካሾቹ አንዳንዶቹ ከሌሎች ጋዞች ገምተው ቁጥር ስለሚያሳዩ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ነፋሻ ሜዳ ላይ ከ420 እስከ 430 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሆነ) አካባቢ ማንበብ አለበት።

ከመለካትዎ አንድ ቀን ቀድመው ሣሩን ሳይነቅሉ ይጨዱ፣ ጠርዙ የሚገባበትንም መስመር በቢላ ይክፈቱ። አፈር ሲነካካ ታፍኖ የቆየ ጋዝ ስለሚለቅ ማሳደር የግድ ነው። በማግስቱ መለኪያውን በሽቦ ውስጡ አንጠልጥለው፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ጀሪካኑን ቀስ ብለው ይትከሉ፤ ተዘግቶ ከተተከለ የታመቀው አየር አፈሩን ይጫነዋል። ዙሪያውን አፈር ይጠቅጥቁ፣ ነጭ ጨርቅ ያልብሱት፣ ክዳኑን ዘግተው ራቅ ይበሉ። ከትንፋሻችን 4 በመቶ ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የመጀመሪያውን ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ለ5 ደቂቃ በየ30 ሴኮንዱ ይመዝግቡ። ጋዙ ውስጥ ሲጠራቀም ጭማሪው እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ክፍል ብቻ ይውሰዱ። በ300 ሴኮንድ 60 ፒፒኤም ከጨመረ፣ በሴኮንድ 0.2 ነው።

ስሌቱ ላይ ከፍታችንን አይርሱ። መጻሕፍት በ20 ዲግሪ አንድ ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) አየር 24 ሊትር ቦታ ይይዛል የሚሉት ለባሕር ወለል ነው። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት በእኛ 2,400 ሜትር ግን ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ 32 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 15ን ለ0.075 ሲያካፍሉ 200፤ እሱን ለ32 ሲያካፍሉ 6.25፤ በ0.2 ሲያባዙ 1.25 ማይክሮሞል (የሞል አንድ ሚሊዮንኛ) በካሬ ሜትር በሴኮንድ። በ24 ቢያካፍሉ 1.67 ይወጣል፤ አንድ ሦስተኛ የተጋነነ ነው። ይህን ሳላውቅ የሞላሁትን ደብተር እንደገና አስልቻለሁ። መለኪያው የከፍታ ማስተካከያ ካለውም 2,400 ብለው ይሙሉት።

አንድ ቦታ ለክተው አይመኑ፤ ቢያንስ አምስት ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። መረሬ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ስንጥቁ ላይ የተለካውን ለይተው ይጻፉ። ከሁሉ የምወደው የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት ሰሞን ነው፦ ደርቆ የከረመ አፈር ሲርስ ፍሰቱ በድንገት ይንራል። ኬንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚሁ ስለጻፈ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ዝናቡን ሳይጠብቁ፣ ደረቁን ለክተው አንድ ሊትር ውሃ ያርከፍክፉበትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት።