መቀመጫውና አትክልቱ የሚጣሉበት ግቢ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ 175 ካሬ ላይ ቤት ሲሠራ ቤቱ መቶውን ይወስዳል፣ መኪናው ደግሞ አሥራ አምስቱን። የምትተርፈው 60 ካሬ ብቻ ናት፤ እሷም ግማሿ መተላለፊያ ናት። ቡናው የሚፈላው፣ በጉ የሚታረደው፣ ልጁ የሚሮጠው፣ ጽጌረዳው የሚያብበው እዚያችው ላይ ነው። በግቢ ማስዋብ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ግን ስህተቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ማድረግ ነው። የሚሰጠኝ ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ድግስ ሲኖር እንግዳ የት ይቀመጣል?» እኔም እጠይቃለሁ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ ድንኳን ተከላችሁ? መልሱ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። አንድ ክርስትና፣ አንድ ምርቃት። ለእነዚያ ሁለት ቀናት ሲባል የቀረውን 1,800 ቀን ሲሚንቶ ላይ መኖር ምን ይባላል? ድንኳን እኮ ሣር ላይም ይተከላል። የተረገጠ ሣር ክረምት ሲገባ ያገግማል።

አንድ ቤት ልጃቸውን ሊድሩ ጥር ላይ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አስደረጉ። መሃል ላይ የነበረውን የኮክ ዛፍ ሲሚንቶው ግንዱን እስኪነካ ድረስ ከበቡት። ሠርጉ አማረ። ሚያዝያ ላይ ግን ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ አልተቻለም፤ ወለሉ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ይተፋል። ሐምሌ ሲመጣ ውሃው መስረጊያ አጣ፤ ወለሉም ወደ ቤቱ ያዘነበለ ስለነበር ጎርፉ ሳሎን ገባ። የጠሩኝ ያኔ ነው። ኮኩ ከጫፉ ጀምሮ ደርቋል። በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ስንሰብረው፣ ክረምቱ መሃል ላይ ሆኖ እንኳ ከሥር የወጣው አፈር ደረቅ ነበር። እፍኝ ዘግኜ ለቤቱ እመቤት አሳየኋቸው። በጣታቸው መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ዛፉን የተከሉት እናታቸው እንደነበሩ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መነጠፍ ያለበት የመኪናው ጎማ የሚያርፍበትና ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት፣ 3 በ3 ሜትር የሆነ ቦታ ነው። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ አትክልቱ ያዘንብል፤ ወደ ቤቱ ግን በፍጹም። ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ከተደረደረ በመጋጠሚያው ውሃ ያሰርጋል፤ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተሞላ ከሊሾ አይለይም። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ ይግባ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በላዩ የተነጠፈውን ሁሉ ያነሳዋል።

ሁለተኛው ስህተት ፀሐይዋን ሳያዩ መቀመጫ መሥራት ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህም ምክንያት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። ከቤቱ በስተ ሰሜን የተሠራ መቀመጫ ፀሐይ በሚያምረን በታኅሣሥ ብርድ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። 6 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት በዚያ ወር እኩለ ቀን ላይ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ የብዙ ሰው ግቢ ደግሞ ከዚያ አይሰፋም። አንድ ታኅሣሥና አንድ ሰኔ በርጩማ ይዛችሁ እየዞራችሁ ተቀመጡበት፤ ግንበኛ ከዚያ በኋላ ይጠራ።

ሦስተኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም በእናቴ ቤት። በግቢው የመጨረሻ ጥግ፣ ከወጥ ቤቱ አሥር ሜትር ርቆ፣ ዙሪያውን ሐረግ የለበሰ ዳስ ሠራሁላት። ልፋቴ ሁሉ እዚያ ነበር። እናቴ አመስግና መረቀችኝና ቡናዋን እንደ ድሮዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ማፍላቷን ቀጠለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንድ እሑድ እኔ ራሴ ሳቀራርብላት ነው፦ ማንደጃው፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ውሃው፣ ቆሎው። አምስት ምልልስ። ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ያ ዳስ ሌላ ሰፈር ነው። በዓመቱ አፈረስኩትና አትክልቱን ወደ እሷ አመጣሁት።

ወጥ ቤቱ በር አጠገብ በድንጋይ የተገነባ መደብ ሠራን፤ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ የጠርዙ ስፋት 40። ውስጡ አፈር ነው፤ ጠርዙ ላይ ሰው ይቀመጣል። መደብ የሚለው ቃላችን ድሮም ሁለቱንም ይዟል፦ የሚቀመጡበትም መደብ ነው፣ ጎመን የሚበቅልበትም መደብ ነው። ከአራት ወንበር የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ወንበር ሰው ሲነሳበት ከኋላው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ መደብ አይፈልግም። ከእናቴ ቀኝ እጅ ግማሽ ክንድ ርቀት ላይ ጤና አዳም ተከልኩ። አሁን በረካው ሲቀዳ ሳትነሳ ዘንጠፍ አድርጋ ስኒው ውስጥ ትጨምራለች። ጤና አዳም ውሃ የሚተኛበት ቦታ ስለማይወድ ከፍ ያለው መደብ ተስማምቶታል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ሕፃን በሚጫወትበት ዝቅ ያለ ቦታ አትትከሉት።

ፏፏቴ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አታሠሩ። በሮቶ ያጠራቀማችሁት ውሃ ለጽጌረዳው ይሁን።

የፕላስቲክ ሣርም ቡና ለሚፈላበት ቤት አይሆንም። አንድ ፍም ሲወድቅበት ቀልጦ ይበሳል፤ በቀትር ደግሞ በባዶ እግር አያስረግጥም።

ትልልቅ ዛፍ የሚሆኑ ችግኞችን አጥር ሥር መደርደር ሌላው ነው። አቮካዶ ሲገዛ ክንድ የምታክል ናት፤ ስታድግ 60 ካሬውን ብቻዋን ታለብሰዋለች። ፊከስ ደግሞ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ቧንቧና ሴፕቲክ ታንክ ድረስ ይሄዳል። ለትንሽ ግቢ ዘይቱን ወይም ኮክ ይበቃል፤ እየተገረዘ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዝ፤ መቀመጫው ከሥሩ ይሁን። አንድ ዛፍ ብቻ። ሦስት ዛፍ አምጥቶ ሁሉንም እንድተክልለት የሚለምነኝ ወጣት ባለቤት ስንት ነው! ጉጉታቸውን እወደዋለሁ፤ ሁለቱን ግን ለጎረቤት አስሰጣቸዋለሁ።

ለበዓል ሁለት ሳምንት ሲቀር መትከልም አለ። ችግኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይተከል፤ ክረምቱ ሥሩን ያሲዝለታል። ኅዳር ላይ የተተከለ ለስላሳ ችግኝ ውርጭ ይመታዋል።

የመጨረሻው አደይ አበባን ይመለከታል። የመሬቱ አፈር ዘሩን ከያዘ ሐምሌ ላይ ራሱ ይበቅላል፤ እኛ እንደ አረም ነቅለን እንጥለውና መስከረም ላይ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች እንገዛዋለን። አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች በየክረምቱ እጃቸውን ይዤ የማስቆመው ለዚህ ነው። መቀመጫው አጠገብ አንድ ካሬ ሳትኮተኩቱ ተዉለት፤ ለእንቁጣጣሽ ቄጠማው ሲጎዘጎዝ እሱም ይደርሳል።