ኢኢጂ ሲቀረጽ የዓይንን እንቅስቃሴ እንዴት እንከታተል?

ሰው ስክሪን እያየ የአንጎሉ ሞገድ በኢኢጂ ሲቀረጽ ዓይኑ አርፎ አይቀመጥም። በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል። ችግሩ የዓይን ኳስ እንደ ትንሽ ባትሪ መሆኑ ነው፤ ፊቱ ፖዘቲቭ፣ ጀርባው ኔጌቲቭ። በተንቀሳቀሰ ቁጥር የአንጎሉን ሞገድ ለመያዝ ራስ ላይ በጄል የተለጠፉት ኤሌክትሮዶች እሱንም ይቀርጹታል። ዓይን ሲርገበገብማ ግንባር አካባቢ የአንጎሉን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ዓይኑ መቼና ወዴት እንደሄደ በካሜራ መያዝ አለበት።

ቀጠሮ ስትይዙ በስልክ ንገሩ፦ ፀጉር ቅቤ አይነካው፣ ኩልና ማስካራም ይቅር። ቅቤው ኤሌክትሮዱን ከቆዳ ይለየዋል። ኩሉ ደግሞ ካሜራውን ያታልላል፤ የሚፈልገው ጥቁሩን ብሌን ስለሆነ የተኳለውን ጠርዝ ብሌን ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ስለ ሹሩባም ቀድማችሁ ጠይቁ። ጥብቅ ካለ ኤሌክትሮዱ ቆዳ አያገኝም። በር ላይ "ፍቺው" ማለት ግን ነውር ነው፤ ገንዘብም ሰዓትም ወጥቶበታል።

በተራ ዌብካም ለመገላገል አትሞክሩ። እንደኛ ባለ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ብሌኑና ዙሪያው በተራ ብርሃን በቀላሉ አይለዩም። በኢንፍራሬድ ካሜራ ግን ቡናማው ፈካ ብሎ ግራጫ ይሆናል፣ ብሌኑ ጥቁር ሆኖ ጎልቶ ይወጣል።

ክፍላችሁ ፒያሳ ወይም ልደታ ፎቅ ላይ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ አትምርም። እሷም ኢንፍራሬድ ስላላት ካሜራውን ትረብሸዋለች። ወፍራም መጋረጃ ጣሉ። የመብራት ገመዶችን ከኢኢጂው አርቁ፣ አለዚያ የመብራቱ 50 ኸርዝ ሞገድ ቀረጻው ውስጥ ይገባባችኋል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ የግድ ነው።

አሁን ዋናው፣ ካሊብሬሽን፦ ተሳታፊው ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ የሚታዩ ነጥቦችን እያየ ሶፍትዌሩ ዓይኑ የቱን ቦታ እንደሚያይ የሚማርበት። ተሳታፊው አገጩን መደገፊያው ላይ ያሳርፍ፤ ስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። ነጥቦቹን ከማስጀመራችሁ በፊት አራቱን ማዕዘን እንዲያይ አድርጉና ብሌኑ በሁሉም መያዙን ተመልከቱ። ታች ሲያይ የዓይኑ ቆብ ይወርድና ብሌኑን ይሸፍናል፤ ያኔ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። መነጽር ካንጸባረቀም እንዲሁ አቅጣጫ መቀየር ነው።

ከዚያ ዘጠኙን ነጥብ አስኬዱ። ማስረዳት ያለባችሁን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ፦ "ጋሼ፣ ነጥቧ ራሷ እስክትሄድ ድረስ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ ቀድመዋት አይሂዱ።" መሀል ላይ አፋችሁን ከከፈታችሁ አለቀ። ሰው ሲያናግረን ዞር ማለት አስተዳደጋችን ነው፤ ጋሼም በጨዋነት ጭንቅላታቸውን ያዞራሉ፣ ካሊብሬሽኑም አብሮ ይሄዳል።

ሶፍትዌሩ "ጥሩ" ስላለ አትመኑት። ነጥቦቹን እንደገና አሳይቶ የሚፈትሸውን ማረጋገጫ ለብቻው አስኬዱና ስህተቱን በየነጥቡ እዩ። ግማሽ ዲግሪ ግሩም ነው። ከአንድ ዲግሪ ካለፈ እንደገና ጀምሩ፤ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት አንድ ዲግሪ ስክሪኑ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው። የፊት ምስል ስታሳዩ ዓይንና ቅንድብ ይምታቱባችኋል። አማካዩ ቆንጆ ሆኖ አንዱ ማዕዘን የተበላሸም ይኖራል። በየእረፍቱ ደግማችሁ ፈትሹ።

የኢኢጂውና የካሜራው ኮምፒውተር ሰዓት ቀስ በቀስ ይለያያል። ስለዚህ ምስል በወጣ ቁጥር አንድ ምልክት ለሁለቱም ይላክ። ከቀረጻው በኋላ ተሳታፊው ሳይሄድ ሁለቱን ፋይል ክፈቱና በምልክቶቹ መካከል ያለው ጊዜ መግጠሙን አረጋግጡ።

መጨረሻ ላይ ጄሉ ይታጠባል። ውሃ በፈረቃ ነውና ጀሪካን ሙሉ ውሃ፣ ሻምፖና ፎጣ ከጠዋቱ አዘጋጁ። ጄል በፀጉሯ ይዛ ታክሲ የተሳፈረች ሴት ለሁለተኛው ቀጠሮ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ።