ጭስ ያለው ዊስኪ ከየት ይጀመር?

ጭስ ጭስ የሚል ዊስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ፣ በአይላ፣ በስኮትላንዷ ደሴት፣ ዊስኪዎች አትጀምሩ። ከበድ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ የሐኪም ቤት ሽታ አላቸው። ሃይላንድ ከሚባለው የስኮትላንድ አካባቢ አርድሞር የተባለውን ዊስኪ ያዙ። ፋብሪካው በ1898 የተቋቋመ ነው። ብቅሉ በፒት ጭስ ይታጠናል። ፒት ማለት ረግረግ ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ ሲደርቅ የሚነድ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ የሚወድ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። እኔ በጣም ነው የምወደው!

በረዶ ግን አደራ እንዳትጨምሩ፣ ቅዝቃዜው ሽታውን ያፍነዋል። ትንሽ ቅዱና ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ። ከንፈራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከላይ አሽትቱት። መጀመሪያ ማር ማር ይላል፤ ጭሱ ቀስ ብሎ ከኋላ ይመጣል።