ትንሹ አንጎል ከስህተትና ከሽልማት እንዴት እንደሚማር ለተማሪዎች ማሳየት

ሴሬቤለም ወይም ትንሹ አንጎል በብዙ የባዮሎጂ ክፍሎች «ሚዛን የሚጠብቅ የአንጎል ክፍል» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ከአንጎል ክብደት 10 በመቶ ገደማ ብቻ የሚመዝነው ይህ ክፍል በሰው አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል ኒውሮኖች (የነርቭ ህዋሶች) ውስጥ 69 ቢሊዮን የሚሆኑትን እንደሚይዝ የሰማ ተማሪ ይህን ሁሉ ህዋስ ለሚዛን ብቻ ምን እንዳስፈለገው መጠየቁ አይቀርም። ይህ መመሪያ በጅማ ለሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለጀማሪ የሕክምና ተማሪዎች የጥናት ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉ አካሉን ማየት፣ ከዚያ ስህተትን፣ በመጨረሻም ሽልማትን ማስተማር ሲሆን፣ እንዳይገለበጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የሽልማቱ ነገር አዲስና ማራኪ በመሆኑ ከእሱ የሚጀምሩ አሉ፤ ይሁን እንጂ የስህተት ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ያልገባው ተማሪ የሽልማቱን ምልክት ተራ ደስታ አድርጎ ይረዳዋል።

ለመጀመሪያው ክፍል አንድ የበግ ጭንቅላት ይበቃል። በጅማ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ስለሆነ ከየትኛው እንደሚገዛ ከተማሪዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ የሚበላ ነገር ባይኖርም ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ጭንቅላቱ በመጥረቢያ ከተፈለጠ ትንሹ አንጎል ስለሚጨፈለቅ፣ መሐል ለመሐል በመጋዝ እንዲሰነጠቅ ማድረግ ይሻላል። ትኩስ አንጎል በእጅ ሲነካ የሚፈርስ በመሆኑ በጨው ውኃ ጥቂት ደቂቃ ቢቀቀል ይጠነክራል። ጓንት ማድረግና ሥራው ሲያበቃ ሁሉንም መቅበር ግዴታ ነው። ተማሪዎቹ ከትልቁ አንጎል በስተኋላና ከታች፣ እጥፋቶቹ እጅግ የደቀቁትን ክፍል እንዲፈልጉ ይደረግ። የተሰነጠቀው ፊት ላይ ነጩ ክፍል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ሲታይ፣ በዙሪያው ያለው ግራጫ ቅርፊት የሚቀጥለው ትምህርት ቦታ መሆኑን ማመልከት ይበቃል።

በሰሌዳው ላይ የሚሳለው ንድፍ ከአራት ነገሮች መብለጥ የለበትም። ሞሲ ፋይበር የተባሉ የነርቭ ክሮች ስለ ሰውነት አቀማመጥና ስለታሰበው እንቅስቃሴ ከአከርካሪ ሰረሰርና ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች የሚመጣውን መረጃ ለግራኑል ሴሎች ያደርሳሉ። ግራኑል ሴሎቹ መረጃውን ቀጭን በሆኑ ፓራለል ፋይበሮች ወደ ፐርኪንጄ ሴል ይወስዳሉ። የቼኩ ሊቅ ያን ፐርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1837 የገለጸው ይህ ህዋስ ከ100,000 በላይ ከሚሆኑ ፓራለል ፋይበሮች መረጃ ሲቀበል፣ ከክላይምቢንግ ፋይበር ግን የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። ይህ አንድ ፋይበር የሚነሳው በአንጎል ግንድ ውስጥ ከሚገኘው ኢንፊሪየር ኦሊቭ ሲሆን፣ ፐርኪንጄው ራሱ በሴኮንድ በአሥሮች የሚቆጠር ምልክት እያወጣ ሳለ እሱ የሚተኩሰው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ዴቪድ ማር እ.ኤ.አ. በ1969፣ ጄምስ አልበስ ደግሞ በ1971 ይህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ምልክት አስተማሪ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹም በ1982 ክላይምቢንግ ፋይበር ሲተኩስ አብሮት ይሠራ የነበረው የፓራለል ፋይበር ሲናፕስ (ከፐርኪንጄው ጋር የሚገናኝበት ነጥብ) እንደሚዳከም አሳዩ።

ብዙ ተማሪዎች የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው፤ መዳከም እንዴት መማር ይሆናል ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ፐርኪንጄ ሴል የሚያግድ ህዋስ መሆኑ ነው። የሚልከው ምልክት በትንሹ አንጎል ጥልቀት ያሉትን ኒውክሊየሶች (የነርቭ ህዋሶች ስብስቦች) ስለሚገታ፣ ወደ ስህተት ያመራውና ክላይምቢንግ ፋይበሩ የጠቆመው ግብዓት ሲዳከም እገዳው ይላላና የሚወጣው ትእዛዝ ይለወጣል። ይህን ሳያብራሩ ወደ ሙከራው መግባት ጊዜ ማባከን ነው።

ለሙከራው ከመነጽር መመርመሪያ ሳጥን ውስጥ 10 ዳዮፕተር የሆነ ፕሪዝም (ብርሃንን ወደ ጎን የሚያጣምም መስታወት) ከነክፈፉ በትውስት ያስፈልጋል። አንድ የፕሪዝም ዳዮፕተር በአንድ ሜትር ርቀት ምስልን አንድ ሴንቲሜትር ስለሚያዛውር፣ ይህ ፕሪዝም በ3 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ምልክት 30 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ያሳያል። ለመወርወሪያ ጥሬ ቡና የተሞላች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት እመርጣለሁ፤ ኳስ ይንከባለላል፣ ከረጢቷ ግን ብዙም ሳትርቅ ስለምትቀር ልኬቱ ይቀላል። የጅማ ዝናብ ስለማይታመን ሥራው ሰፊ በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ተማሪው መጀመሪያ ያለ ፕሪዝም 15 ጊዜ ይወርውር። ቀጥሎ አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ በሌላው ዓይን ፊት ወፍራም ጠርዙ ወደ ቀኝ የዞረ ፕሪዝም ተደርጎለት 30 ጊዜ፣ በመጨረሻም ፕሪዝሙ ወልቆ 15 ጊዜ ይወርውር። በእያንዳንዱ ውርወራ ከረጢቷ ከምልክቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የራቀችበት ርቀት በሴንቲሜትር ይመዝገብ። ፕሪዝሙ ሲደረግ ከረጢቷ ወደ ግራ ትወድቃለች፤ ስህተቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ዋናው ነጥብ ግን ፕሪዝሙ ሲወልቅ የሚታየው ነው፤ ተማሪው አሁን ወደ ቀኝ ይስታል። ሆን ብሎ ወደ ጎን እያነጣጠረ የነበረ ሰው ፕሪዝሙ እንደወለቀ ማነጣጠሩን ይተወው ነበር። መሳቱ የሚያሳየው ክንዱን የሚመራው ሥርዓት ራሱ እንደተስተካከለ ነው። ትንሹ አንጎላቸው የተጎዳ ብዙ ሕመምተኞች በተመሳሳይ ሙከራ ይህን ማስተካከያ ማድረግ እንዳልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ተዘግቧል። ስለዚህ ተማሪው «እንዳትሰላ፣ ያየኸው ቦታ ላይ ብቻ ወርውር» መባል አለበት።

ሽልማቱን ለማስገባት በሌላ ቀን ክፍሉ ለሁለት ይከፈል። አንደኛው ቡድን ምልክቱ አጠገብ ባሳረፈ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ ሁለተኛው ነጥብ ይዞ ይጀምርና በሳተ ቁጥር ይቀነስበታል። ፕሪዝሙ ከወለቀ በኋላ ከረጢቷ ከእጃቸው ስትወጣ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ በማድረግ የለመዱት የቱን ያህል እንደሚቆይ ይለካ። በእጅ እንቅስቃሴ ማላመድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቅጣት መማርን እንደሚያፋጥን፣ ሽልማት ደግሞ የተማሩትን እንደሚያቆይ አሳይቷል። በጥቂት ተማሪዎች የሚገኘው ውጤት ሊዘባረቅ ስለሚችል መምህሩ የሚጠብቀውን አስቀድሞ ባይናገር ይመረጣል።

ይህ ሙከራ ብቻውን ሽልማት በትንሹ አንጎል ውስጥ እንደሚያልፍ አያረጋግጥም፤ ለዚያ የእንስሳት ጥናት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አይጦች እጀታ ገፍተው ጥቂት ቆይተው የስኳር ውኃ እንዲያገኙ ሲደረግ፣ የግራኑል ሴሎቻቸው ሥራ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። አንዳንዶቹ ሴሎች ሽልማቱ እየተጠበቀ ሳለ፣ አንዳንዶቹ ሲመጣ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሲቀር ነቁ። የዘዴው ብልኃት እንቅስቃሴው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ አልፎ አልፎ መለወጡ ነው፤ እጀታው እንደተለመደው ተገፍቶ ውኃው ሲቀር የሚነቃን ሴል በግፊቱ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ክላይምቢንግ ፋይበሮችም ሽልማትን የሚያበስር ምልክት ሲታይ እንደሚተኩሱ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከትንሹ አንጎል ኒውክሊየሶች የዶፓሚን (ከሽልማት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል) ህዋሶች ወዳሉበት ቬንትራል ቴግሜንታል ኤሪያ ቀጥታ መስመር እንዳለ፣ ይህ መስመር በብርሃን ሲነቃም አይጦቹ ብርሃኑ ወደሚሰጥበት ቦታ መመላለስን እንደሚመርጡ ታውቋል።

ተማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው ሽልማት የትንሹ አንጎል ሥራ ብቻ ነው ብለው እንዳይደመድሙ፣ ትንሹ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችም «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» በሚል ምላሽ ብቻ የተወሰነ ነገር መማር እንደሚችሉ ይነገራቸው። ለፈተና ከህዋስ ስም ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የስኳር ውኃው ሲቀር የሚነቃው ሴል ምናልባት የአይጧን የምላስ እንቅስቃሴ ብቻ የሚከተል ቢሆንስ፣ ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ምን ይለካ ነበር?