ቁልፍ ሰጪውን ማን ይጠይቀዋል? በዲጂታል ፊርማ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ያለ የቡና ላኪ ወይም የሒሳብ ቢሮ ዲጂታል ፊርማ ሲጀምር የሚፈራው ሌባ ነው። ቁልፍ ሰጪው (ቁልፉ የእርስዎ መሆኑን በሰርተፍኬት የሚመሰክረው ድርጅት) ራሱ ቢያጭበረብር በምን ይረጋገጣል? ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የከፋው ስህተት ሰጪው የግል ቁልፍዎን (የሚፈርሙበትን ሚስጥራዊ ቁጥር) ፈጥሮ እንዲልክልዎ መፍቀድ ነው። ቅጂው እሱ ዘንድ ሊቀር ይችላል። ነገ የ200 ኩንታል ቡና ሽያጭ ውል በስምዎ ተፈርሞ ቢገኝ፣ የፈረሙት እርስዎ ይሁኑ ሰጪው መለየት አይቻልም፤ ቁልፉ አንድ ነውና ፊርማውም አንድ ነው። ቁልፉ እርስዎ እጅ ባለው ቶክን (ቁልፍ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ውስጥ ይፈጠር፣ ከቶክኑም አይውጣ። ወደ ሰጪው የሚሄደው ሌሎች ፊርማዎን የሚያረጋግጡበትን ይፋዊ ቁልፍ የያዘው ሲኤስአር የሚባል የጥያቄ ፋይል ብቻ ነው።

«ቁልፌን ስለማያውቅ ተገላገልኩ» ማለትም ስህተት ነው። ሰጪው ሌላ ቁልፍ ፈጥሮ በእርስዎ ስም ሰርተፍኬት ሊያወጣለት ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ዱካ መቅረቱ ነው፦ በአንድ ስም ሁለት ሰርተፍኬት፣ ሁለቱም በሰጪው የተፈረሙ። ማርክ ዢሮ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የሰጪዎችን የመታመን ደረጃ ሲከፍል ከፍተኛውን የሰጠው ማጭበርበሩ እንዲህ ለሚጋለጥበት ሥርዓት ነበር። ግን ሰጪው «ሁለተኛውንም የጠየቅከኝ አንተ ነህ» ቢልስ? ሲኤስአር የሚፈረመው በራሱ በአዲሱ ቁልፍ ስለሆነ ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል፤ አያስረዳልዎትም። ስለዚህ በወረቀት ውል እማኝ እንደምንጠራው ሁሉ፣ የይፋዊ ቁልፍዎን የሻ-256 አሻራ (ከቁልፉ ተሰልቶ የሚገኝ አጭር መለያ)፣ 64ቱንም ፊደልና አኃዝ፣ በሁለት ቅጂ አትማችሁ እርስዎና ሰጪው ሁለታችሁም በእጅ ፈርሙበት። «በዚህ መልክ ያልተጠየቀ ሰርተፍኬት ኃላፊነቱ የሰጪው ነው» የሚል አንቀጽም በውሉ ይግባ።

የወጡ ሰርተፍኬቶች የሚታዩበት ይፋዊ መዝገብ አለመጠየቅ ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ሥርዓቱ ተሰብሮ በጉግል ስም ጭምር ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፍኬቶች ወጡ። ድርጅቱ በሐምሌ ቢያውቅም ዝም አለ፤ ነገሩ የተጋለጠው በነሐሴ መጨረሻ አንድ የኢራን ተጠቃሚ ክሮም ማስጠንቀቂያ ስላሳየው ነው። ዛሬ የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶች ማንም በሚያየው መዝገብ ይገባሉ። ለፊርማ ሰርተፍኬት ግን ይህ የተለመደ ስላልሆነ፣ በስምዎ የወጣውን ሁሉ ዝርዝር በየወሩ እንዲሰጥዎ ይዋዋሉ።

የተፈረመበትን ቀንና ሰዓት የሚያረጋግጠውን የጊዜ ማህተምም አይርሱ፤ ያለ እሱ ፊርማው ሰርተፍኬቱ ከመሰረዙ በፊት ይሁን በኋላ አይታወቅም። ማህተሙን የሚያትመው ከሰርተፍኬት ሰጪው የተለየ አካል ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ቀኑም በአንድ እጅ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የተፈራረማችሁበትን የአሻራ ወረቀት ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጡት ግን እርስዎ ነዎት፤ ከቶክኑ ጋር በአንድ መሳቢያ አይሁን።